የጉዳይ ጥናት፦ ጅማ ላይ በብሎገር (በጉግል ነፃ የብሎግ መሥሪያ) የተሠራ የቤት ማሻሻጫ ድረ ገጽ

የጉዳዩ ባለቤት ጅማ ውስጥ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ፣ ሦስት ሠራተኞች ያሉት የቤት ሽያጭና ኪራይ አገናኝ ቢሮ ነው። ስሙን አንጠቅስም። ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሥራው በሙሉ በቴሌግራም ቻናልና በስልክ ይሄድ ነበር። ቻናል ለአዲስ ወሬ ጥሩ ነው፤ ለቤት ግን አይመችም። ዛሬ የተለጠፈ ቪላ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከሥር ይቀበራል፣ የተሸጠውና ያልተሸጠውም ተደባልቆ ይቀመጣል። ደንበኛ ደውሎ «ቆጪ አካባቢ ባለ ሦስት መኝታ አላችሁ?» ሲል ጸሐፊዋ ጣቷ እስኪዝል ስልኳን ወደ ላይ ታሸሻለች።

ቢሮው በአንድ ጊዜ በእጁ የሚይዘው ቤት 60 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለምርጫው ወሳኝ ነበር። በራስ ሆስቲንግ (በተከራዩት የድረ ገጽ ማስቀመጫ) ላይ የሚጫን ዎርድፕሬስ የተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ለቤት ዝርዝር የተዘጋጁ ፕለጊኖች (ተጨማሪ ማሟያዎች) አሉት፤ ዋጋ፣ ካሬ፣ የመኝታ ብዛት እያንዳንዱ የራሱ ሳጥን አለው። ግን ሆስቲንጉ በየዓመቱ ይከፈላል፣ ፕለጊኖቹ መታደስ አለባቸው፣ ካልታደሱ ይጠለፋሉ። ቢሮው ደግሞ ቋሚ የኮምፒውተር ባለሙያ የለውም። ብሎገር በነፃ ነው፣ ሆስቲንጉም ደኅንነቱም የጉግል ሸክም ነው። ለዚህ መጠን ብሎገር ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብለን እናምናለን፤ ነገር ግን የብሎገርን ጠባይ ሳያውቁ ከገቡበት የሚወጣው ድረ ገጽ ከቴሌግራሙ ብዙም አይሻልም።

ጠባዩ ይህ ነው፦ ብሎግ ጽሑፍን የሚያውቀው በቀኑ ነው፤ ቤት ፈላጊ ግን የሚያስበው በሰፈር፣ በዋጋና በካርታ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አለመጣጣም የመጡ ናቸው።

ሌብል እንደ መደርደሪያ

ብሎገር ለዋጋና ለካሬ የተለየ ሳጥን የለውም። ያለው ሌብል (በፖስቱ ላይ የሚለጠፍ የመለያ ቃል) ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አምስት ሌብል እንዲይዝ ተወሰነ፦ ሰፈር፣ ግብይት (ሽያጭ ወይም ኪራይ)፣ የቤቱ ዓይነት (ቪላ፣ ጂ+1፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሱቅ)፣ የዋጋ እርከን፣ ሁኔታ (አለ፣ ተይዟል፣ ተሽጧል)። የሽያጭ ዋጋ በአራት እርከን ተከፈለ፦ ከ3 ሚሊዮን ብር በታች፣ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 10፣ ከ10 በላይ። ኪራይ የራሱ እርከን አለው።

መጀመሪያ ላይ ሌብሎቹ በአማርኛ ነበር የተጻፉት፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛው አጻጻፍ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ሄርማታ» ይላል፣ ሌላው «ሂርማታ»፣ ሦስተኛው «ሒርማታ»። «ጅረን» እና «ጂሬን»፣ «ሰጦ ሰመሮ» እና «ሴቶ ሰመሮ» እንደዚያው። ለሰው አንድ ሰፈር ነው፤ ለብሎገር ግን ሦስት የተለያዩ መደርደሪያዎች ናቸው፣ በአንደኛው የገባ ቤት በሌላኛው አይታይም። ሁለተኛው የአድራሻው ርዝመት ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ወደ 9 ምልክት ይተረተራል። «ሄርማታ መርካቶ» የሚለው ሌብል ብቻውን 75 ምልክት ይሆናል። ይህ በቴሌግራም ሲላክ ደንበኛው ቫይረስ መስሎት አይነካውም፤ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ሌብሎቹን ሁሉ በላቲን ፊደል፣ በአጭሩና በትንንሽ ሆሄ መጻፍ ሆነ። ሰው የሚያየው የአማርኛ ስም በሜኑው ላይ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ያለው ሌብል ግን የላቲኑ ነው። ብሎገር ትልቅና ትንሽ ሆሄን ስለሚለይ «ሁሉም በትንንሹ» የሚለው ደንብ የግድ ነው። የሌብሎቹ ዝርዝር በአንድ ወረቀት ታትሞ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ተለጠፈ፣ ከዝርዝሩ ውጭ አዲስ ሌብል መፍጠርም ተከለከለ። ሰፈር የሚጨመረው የቢሮው ኃላፊ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ከማንኛውም ኮድ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

የፖስቱ አድራሻ

ብሎገር የፖስቱን አድራሻ የሚሠራው ከርዕሱ ላይ የላቲን ፊደሎችን ለቅሞ ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ የሚለቅመው ስለሌለ «ብሎግ ፖስት» የሚል ቃልና ቁጥር ለጥፎ ያልፋል። ስልሳ ቤት ስልሳ ተመሳሳይ አድራሻ ይኖረዋል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሰውም ጉግልም አያውቅም።

ስለዚህ ከማተም በፊት በቀኝ በኩል ካለው የፖስት ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክ (የፖስቱ ቋሚ አድራሻ) የሚለውን ከፍቶ «ከስተም» መምረጥና በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ቢሮው የተስማማበት ቅርጽ ሰፈር፣ ዓይነት፣ ኮድ ነው፤ ለምሳሌ ቆጪ-ቪላ-014 በላቲን ፊደል። አንዴ ከታተመ በኋላ ወደ ድራፍት (ወዳልታተመ ረቂቅ) ካልተመለሰ በስተቀር አድራሻው አይቀየርም፣ ቢቀየር ደግሞ ቀድሞ የተሰራጨው ሊንክ ይሞታል። አድራሻው ውስጥ የሚገባው ዓመትና ወር የፈረንጅ ነው፤ ደንበኛው እንዳይደናገር የፖስቱ ቀን ከገጹ ላይ ተደብቆ «የታደሰበት ቀን» የሚል መስመር በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቤቱ መግለጫ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ።

ዋጋ በርዕስ ውስጥ አይጻፍም። ቴሌግራም የአንድን ሊንክ ርዕስና ፎቶ አንዴ ካነበበ በኋላ ይዞት ይቆያል፤ ባለቤቱ ዋጋ ቢቀንስ እንኳ የሚጋራው ሊንክ የድሮውን ያሳያል። ዌብፔጅ ቦት ለተባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ልኮ ማሳደስ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ የዋጋ ለውጥ ግን ማንም አያደርገውም።

ጉግል የማያያቸው መደርደሪያዎች

ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ቢሮው ተስፋ የጣለው «ጅማ ቦሳ ቂጦ የሚከራይ ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው በጉግል በኩል እንዲመጣ ነበር። የቦሳ ቂጦ ሌብል ገጽ ቆንጆ ሆኖ ተሠርቷል፣ ስምንት ቤት ይዟል፤ በጉግል ግን ጭራሽ አልወጣም።

ምክንያቱ ብሎገር በነባሪ የሚያዘጋጀው የሮቦትስ ፋይል ነው። ይህ ፋይል የፍለጋ ገጾችን ሁሉ ለጉግል ይዘጋል፤ የሌብል ገጾች ደግሞ አድራሻቸው ከፍለጋው ሥር ስለሆነ አብረው ይዘጋሉ። ፋይሉን ለውጦ መክፈት ይቻላል፤ አልመከርንም። የሌብል ገጽ የራሱ ጽሑፍ የለውም፣ የሌሎች ፖስቶች ቁራጭ ስብስብ ነው፣ «የቆዩ ፖስቶች» በተነካ ቁጥርም አዲስ አድራሻ ይፈለፍላል። ለጉግል ቆሻሻ ከመመገብ የተዘጋው ይሻላል።

የተሠራው ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ዋና ሰፈር ቋሚ ገጽ ተከፈተ። ገጹ ላይ በመጀመሪያ ስለ ሰፈሩ 150 ቃል ገደማ በእጅ የተጻፈ ነገር ይገባል፦ ከአጂፕ ወይም ከመርካቶ በባጃጅ ምን ያህል ይርቃል፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነው ወይስ ጠጠር፣ ውሃ በፈረቃ ነው ወይስ በየቀኑ፣ ክረምት ላይ መኪና ያስገባል ወይ። ቀጥሎ የሰፈሩ ቤቶች ዝርዝር በትንሽ ስክሪፕት (ገጹ ላይ በሚሠራ አጭር ኮድ) ከብሎጉ ፊድ (ብሎገር ለኮድ ንባብ ከሚያወጣው የፖስቶች ዝርዝር) ተነቦ ይወጣል። ለቦሳ ቂጦ የተጻፈው ገጽ ጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወዳለበት ወደ ቂጦ ፉርዲሳ በእግር እንደሚያስኬድ ይናገራል፤ መምህራንና ተማሪዎች የሚፈልጉት ያንን ነው። ቋሚ ገጾቹ በጉግል ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጽን ለጉግል ማስተዋወቂያ መሣሪያ) ላይ በሁለተኛ ሳይትማፕ (የአድራሻዎች ዝርዝር) ይገባሉ፤ ብሎገር ለፖስቶችና ለገጾች የተለያየ ሳይትማፕ ነው የሚያወጣው፣ የመጀመሪያውን ብቻ አስገብቶ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

በእያንዳንዱ ፖስት ላይ «የፍለጋ መግለጫ» የሚባል ሳጥንም አለ። በዋናው ሴቲንግ ካልተከፈተ አይታይም፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

የጠፋው 26ኛ ቤት

ስክሪፕቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ሻጭ «ቤቴን ከዝርዝሩ አወጣችሁት» ብለው ተቆጥተው ደወሉ። ቤታቸው አልወጣም ነበር። የብሎገር ፊድ ብዛቱ ካልተነገረው የሚመልሰው የቅርብ ጊዜዎቹን 25 ፖስቶች ብቻ ነው። 26ኛው ሲለጠፍ አንጋፋው ከዝርዝሩ ይወድቃል፣ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። በፊዱ አድራሻ መጨረሻ ላይ ከፍተኛውን ብዛት 100 ብሎ መጻፍ ችግሩን ፈታው። በአንድ ጥያቄ የሚመለሰው ወሰን ስላለው ዝርዝሩ በጣም ሲበዛ የመነሻ ቁጥር እየሰጡ በየዙሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ፊዱ ሦስት ነገር መያዝ ይገባል። ሁለት ሌብል በእዝባር (/) ተለይተው በአድራሻው ላይ ቢጻፉ ሁለቱንም ያሟሉትን ብቻ ይመልሳል፤ የ«ሰፈር እና ዋጋ» ማጣሪያው የተሠራው በዚህ ነው፣ ሌላ ዳታቤዝ አላስፈለገም። ሁለተኛ፣ ሙሉውን ፊድ ሳይሆን አጭሩን መጥራት ይሻላል፤ ሙሉው የስልሳ ቤት ጽሑፍ በሙሉ ስለሚያወርድ ደካማ ኔትወርክ ላይ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆማል፣ በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱን ቤት ለሚያሳየው ካርድ ደግሞ ርዕስ፣ ሌብልና ትንሽ ፎቶ ይበቃል። ሦስተኛ፣ በስክሪፕቱ ውስጥ የድረ ገጹን ሙሉ አድራሻ አለመጻፍ። ከእዝባሩ ጀምሮ ብቻ ከተጻፈ በኋላ ላይ የራስ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ሲገዛ ምንም አይሰበርም።

ከስክሪፕቱ ውጭ ባሉት ተራ የሌብል ገጾችም አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ በገጽ 12 ፖስት ይታይ ተብሎ ተሞልቶ አራት ብቻ ይታያል። ብሎገር ገጹ ሲከብድበት በራሱ ይቆርጠዋል። ከመጀመሪያው ፎቶና ከሠንጠረዡ በኋላ «ጃምፕ ብሬክ» (ቀሪውን ጽሑፍ ከዝርዝር ገጹ የሚደብቅ መቁረጫ) ማስገባት ገጹን ያቀልለታል።

ፎቶ

አሁን ያሉት ስልኮች የሚያነሱት ፎቶ ብዙ ጊዜ 4000 በ3000 ፒክስል ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ስምንት ፎቶ ማለት እስከ 40 ሜጋባይት ነው፤ በሞባይል ዳታ ለመጫን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ መሃል ላይም ይቋረጣል። ፎቶ ማሳነሻ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ቢሮው ግን ቀላል ዘዴ አገኘ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ይልካቸዋል፣ መልሶ ያወርዳቸዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል፣ ክብደቱም ወደ 200 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል።

ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ሎኬሽን በተከፈተ ስልክ የተነሳ ፎቶ ቤቱ ያለበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ይዞራል። በቴሌግራም ሲያልፍ ይህ መረጃ ይወገዳል። ለደላላ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ገዢው ቤቱን በራሱ አግኝቶ በቀጥታ ከባለቤቱ ጋር ከተዋዋለ የሁለት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ፖስቱ ላይ ያለው የሎኬሽን ሳጥንም በዚሁ ምክንያት ባዶ ይተዋል።

ሻጮቹም የራሳቸው ጭንቀት አላቸው። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ተከራይ ደንግጦ እንዳይወጣ ብለው የፊት ለፊት ፎቶ አይፈቅዱም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፎቶ ሳሎን ወይም የውስጥ ግቢ ይሆናል፣ የበሩና የቤት ቁጥሩ ፎቶ አይለጠፍም። የመጀመሪያው ፎቶ በዝርዝሩ ላይ የሚወጣው እርሱ ስለሆነ አግድም የተነሳ መሆን አለበት። ብሎገር በነባሪ የሚሰጠው ትንሽ ፎቶ 72 ፒክስል ስለሆነ ካርድ ላይ ይደበዝዛል፤ ስክሪፕቱ በፎቶው አድራሻ ውስጥ ያለውን የመጠን ቁጥር ወደ 400 እንዲለውጥ ተደርጓል፣ ጉግል በተጠየቀው መጠን ቆርጦ ያቀርባል።

ማስታወቂያው ውስጥ የሚጻፈው

በቻናሉ ዘመን «ምርጥ ቤት፣ ለመኖሪያም ለንግድም የሚሆን፣ ፍጠኑ» ይባል ነበር። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ገዢ የሚያገኘው ነገር የለም። የአሁኑ ፖስት የሚጀምረው በሠንጠረዥ ነው። አንዱ ይህን ይመስላል፦

ኮድ፦ 014። ሰፈር፦ ቆጪ። ይዞታ፦ 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ሊዝ። የሊዝ ቀሪ ክፍያ፦ አለ፣ በገዢ የሚዞር። ቤት፦ ብሎኬት፣ 3 መኝታ፣ ሳሎን፣ 2 ሰርቪስ። ቆጣሪ፦ መብራት የግል፣ ውሃ የግል። መኪና፦ ግቢ ያስገባል። ክረምት፦ ውሃ አይተኛበትም። ዕዳና እገዳ፦ የባንክ ዕዳ የለበትም። ዋጋ፦ በቁጥር። ሁኔታ፦ አለ።

«ክረምት ውሃ ይተኛበታል?» የሚለው መስመር በሌላ ከተማ ድረ ገጽ ላይ ላይኖር ይችላል። ጅማ ላይ ግን የግድ ነው። ዝናቡ ረጅም ነው፣ ወደ ቦዬ ረግረግ የሚጠጉት ዝቅ ያሉ ቦታዎች በበጋ የተነሳ ፎቶ ላይ ደረቅ ሆነው ይታያሉ። ይህን የደበቀ ደላላ ሐምሌ ላይ ስልኩ ጠፍቶ ነው የሚውለው።

የይዞታው መስመር ደግሞ በጥንቃቄ ይሞላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና አብሮ የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ «መሬት ሽያጭ» የሚል ርዕስ አይለጠፍም፣ ካርታ የሌለው ቤትም ካርታ እንዳለው ተደርጎ አይጻፍም። ቢሮው የካርታውን ፎቶ ኮፒ ሳያይ ፖስት አያደርግም፣ ካርታው ራሱ ግን የባለቤቱ ስም ስላለበት ድረ ገጹ ላይ አይወጣም። ከውጭ አገር የሚደውሉ ገዢዎች ብዙ ጊዜ «ካርታውን ላኩልኝ» ይላሉ፤ የሚላክላቸው ሻጩ ከፈቀደ በኋላ፣ በግል ነው።

ከሠንጠረዡ ሥር የሚነካ ስልክ ቁጥር ይቀመጣል፤ ቁጥሩ በ+251 ካልተጀመረ ከሳውዲ ወይም ከዱባይ የሚደውል ሰው ሲነካው አይሠራም። አጠገቡ ኮዱ በትልቁ ይጻፋል። የስልኩ ንግግር አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«እህቴ፣ ያ ቆጪ ያለው ቤት አልተሸጠም አይደል?»
«ኮዱን ቢነግሩኝ፣ ወንድሜ።»
«ዜሮ አሥራ አራት።»
«አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማየት ይችላሉ።»

ሲሸጥ

ቤት ሲሸጥ የመጀመሪያው ፍላጎት ፖስቱን ማጥፋት ነው። ማጥፋት አይገባም። ሊንኩ በቴሌግራም ተሰራጭቷል፣ በጉግልም ተመዝግቧል፤ ሰው ነክቶት «ገጹ የለም» ካለው ተመልሶ አይመጣም። የተሸጠ ቤት ሌብሉ ወደ «ተሽጧል» ይቀየራል፣ ስክሪፕቱ ከዝርዝሩ ያወጣዋል፣ ፖስቱ አናት ላይ ደግሞ «ይህ ቤት ተሽጧል፤ በዚሁ ሰፈር ያሉትን ይመልከቱ» የሚል መስመርና የሰፈሩ ገጽ ሊንክ ይገባል። ከስድስት ወር በኋላ ፖስቱ ይሰረዝና በሴቲንግ ውስጥ ባለው «ከስተም ሪዳይሬክት» አድራሻው ወደ ሰፈሩ ገጽ ይዞራል። ሪዳይሬክቱ የሚሠራው በዚያው ብሎግ ውስጥ ብቻ ነው።

ያልተሸጠ ቤት ዋጋ ሲቀንስ የፖስቱን ቀን ወደ ዛሬ ማዞር ወደ ፊት ገጽ አናት ያመጣዋል፤ አድራሻው ግን እንደነበረ ይቆያል። ሰዓቱ ሳይታወቅ ወደ ፊት ከተሞላ ፖስቱ «የተቀጠረ» ይሆንና ከድረ ገጹ ይሰወራል። የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠርን ይዞ ለሚሞላ ሰው ይህ በቀላሉ የሚሠራ ስህተት ነው፤ የብሎጉ የሰዓት ክልልም መጀመሪያ ላይ መስተካከሉን ማየት ያሻል።

በየሰኞው ጸሐፊዋ «አለ» የሚል ሌብል ያላቸውን ሻጮች በየተራ ትደውላለች። ከዚህ በፊት ሻጩ ቤቱን በሌላ ደላላ በኩል ሸጦ ለቢሮው ሳይናገር ይቀር ነበር። ይህ የስልክ ዙር የድረ ገጹ ዋናው የጥገና ሥራ ነው፤ እርሱ ከቀረ ሁሉም ኮድ ትርፉ ድካም ነው።

ብሎጉ የማን ነው?

ብሎጉን መጀመሪያ የከፈተው ለቢሮው በትርፍ ጊዜው ይሠራ የነበረ ተማሪ ነው፤ በራሱ ጂሜይል። ተመርቆ ሲሄድ ቁልፉን ይዞ መሄዱ ነው። በሰላም ተስማምተው በሴቲንግ ውስጥ ባለው ፈቃድ ሥር የቢሮው ጂሜይል ተጋበዘ፣ ከዚያ «አድሚን» (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) ተደረገ፣ ተማሪው በመጨረሻ ወጣ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። ፎቶዎቹ ግን በጫናቸው ሰው አካውንት ሥር ነው የሚቀመጡት፤ የተማሪው አካውንት አንድ ቀን ቢዘጋ ፎቶዎቹ አብረው ሊጠፉ ስለሚችሉ በሥራ ላይ ያሉት ቤቶች ፎቶ ከቢሮው አካውንት እንደገና ተጫነ። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፤ የቢሮው ጂሜይልም ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ገብቶለት የማስመለሻ ስልኩ የኃላፊው ሆኗል።

የራስ ዶሜይን ዘግይቶ ነው የመጣው፣ በመዘግየቱም የጠፋ ነገር የለም። ዶሜይኑ ሲያያዝ ብሎገር የድሮውን አድራሻ በራሱ ወደ አዲሱ ያዞራል። ዶሜይኑ በጊዜ ካልታደሰ ድረ ገጹ ይቆማል፤ በሴቲንግ ውስጥ ዶሜይኑን ማንሳት ወደ ነፃው አድራሻ ይመልሰዋል።

ብሎገር የማይበቃበት ጊዜ

ገዢ «ከ150 እስከ 250 ካሬ፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊዮን» ብሎ በቁጥር ማጣራት ከፈለገ ሌብል አይችልም፤ እርከን እንጂ ቁጥር አያውቅም። ዝርዝሩ ከ150 ቤት ሲያልፍ፣ ሻጮች ራሳቸው ቤት እንዲያስገቡ ከተፈለገ፣ ወይም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እኩል ሁለት ገጽታ ከተፈለገ ዎርድፕሬስ ግድ ይሆናል። አሁን አፋን ኦሮሞው በእያንዳንዱ ፖስት ግርጌ በቁቤ አምስት መስመር ሆኖ ነው የሚገባው፤ በቁቤ የሚፈልግ ሰው እንዲያገኘው ይበቃል፣ ለማንበብ ግን አይመችም።

ዝውውሩ ሲመጣ ከብሎገር የሚወጣው የባክአፕ ፋይል ጽሑፉንና ሌብሎቹን ይይዛል። ፎቶዎቹ በውስጡ የሉም፤ ሊንካቸው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቢሮው ከወዲሁ የእያንዳንዱን ቤት ፎቶ በኮዱ በተሰየመ ፎልደር፣ ሠንጠረዡንም በአንድ ኤክሴል ላይ ያስቀምጣል። የኤክሴሉ አምዶች ከሠንጠረዡ መስመሮች ጋር አንድ ናቸው፤ አዲሱ ድረ ገጽ ሲሠራ የሚጫነው ያ ፋይል ይሆናል።